ቤቱን በነሐሴ እዪው

የወንድሜ ልጅ፣ ወረታ ላይ ቤት የምትከራዪ ከሆነ በነሐሴ ነይና እዪ። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ያየሽው ቤት ግማሽ ጠባዩን ይደብቅሻል። ያኔ መሬቱ ደርቋል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ መንገዱም አቧራ ብቻ ነው። አከራዩ «ሰላም ሰፈር ነው፣ ውሃ የሚባል አይደርስበትም» ቢልሽ ሊዋሽሽ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፤ በበጋማ የማይደርቅ ቤት የለም። ነሐሴ ሲገባ ግን የትኛው ግቢ ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ ያለ ደላላ ይታወቃል።

አባትሽ በስልክ እንዳጫወተኝ ለአንድ ዓመት ልትቀመጪ ነው የምትመጪው፤ ከሳምንቱ ግማሹን የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እየሄድሽ፣ ግማሹን ደግሞ ቤትሽ ተቀምጠሽ ለአዲስ አበባው መሥሪያ ቤትሽ በኮምፒውተር ልትሠሪ። «ጸጥ ያለ ሰፈር፣ ለሥራ የሚመች ክፍል ፈልጉልኝ» ማለትሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሥራውን የሚያከብር ሰው አስቀድሞ የሚቀመጥበትን ያስተካክላል። እኔ በወጣትነቴ እዚህ ለማስተማር ስመጣ ተከራይ ነበርሁ፤ ቤት ከሠራሁ ወዲህ ደግሞ ሰርቪሶቼን ለኮሌጅ ተማሪ፣ ለባንክ ሠራተኛ፣ ለመምህር እያከራየሁ ኖሬያለሁ። ነገሩን ከሁለቱም ወገን ሆኜ አይቼዋለሁና የምልሽን ስሚኝ። ቤቱን ግን ራስሽ ነሽ የምትመርጪው፤ ዓይን ያያል፣ ልብ ይፈርዳል።

ወረታ ያለችበት ፎገራ ከጣና ዳርቻ ተነሥቶ እስከ ደጋው ግርጌ የተዘረጋ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች የጉና ተራራን ውሃ ይዘው ይወርዱና ሜዳው ላይ ሲደርሱ ቁልቁለት ያጣሉ፤ ውሃው ጣና ለመግባት አይቸኩልም፣ ይተኛል። ያ የተኛ ውሃ ሀብታችን ነው። ሌላው እህል በሚበሰብስበት ረግረግ ላይ ሩዝ ማብቀል በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ተሞከረ፤ ዛሬ ገበሬያችን ኤክስ ጅግና እያለ የሚዘራው፣ አንቺም ልታጠኚው የምትመጪው እህል ከዚያ ሙከራ የተገኘ ነው። ከጤፍ ጋር እየተደባለቀ እንጀራችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ያው ውሃ ግን በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራንና ጎረቤታችንን ሊቦ ከምከምን አጥለቅልቆ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በእኛ አገር ተረት ብቻ አይደለም። የሜዳው ጎርፍ እያገሳ አይመጣም፤ ማታ ደጃፍ ላይ ሲያብለጨልጭ ይታያል፣ ጠዋት አልጋ ሥር ይገኛል።

ስለዚህ ቤት ስታዪ መጀመሪያ ዓይንሽን ወደ ኮርኒሱ አታንሺ፤ ከወለሉ እስከ ጉልበትሽ ድረስ ያለውን ግድግዳ እዪ። ቀለሙ ከታች ብቻ አዲስ ከሆነ፣ ልስኑ ከታች ብቻ ተልጦ እንደገና ተለስኖ ከሆነ ለምን እንደሆነ ጠይቂ። ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር። አከራዩን ብቻ ሳይሆን የሰፈሩን ልጆችም ጠይቂ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚንቦራጨቁበትን ቦታ ልጅ አይደብቅም። አፈሩንም ልብ በዪ። አፈራችን ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ በላዩ ያለውን ቤትም አብሮ ያንቀሳቅሰዋል። በክረምት በሩ አልዘጋ ይላል፣ በበጋ ሊሾው ላይ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይወጣል። መሠረቱ በድንጋይ የተሠራ፣ ወለሉም ከደጁ ከፍ ያለ ቤት ካገኘሽ ኪራዩ ጥቂት ቢወደድ እንኳ አትለፊው። እርጥበት ያለበት ክፍል ውስጥ አንድ ክረምት የከረመ ወረቀት ምን እንደሚሆን የተማሪ ደብተር ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝና አውቀዋለሁ።

ወደ ጸጥታው ልምጣ። ወረታ ትንሽ ከተማ ስለሆነች ዝምተኛ ትመስልሽ ይሆናል። አይደለችም። ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ሆና የጎንደሩ አስፋልት መሀሏን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦር ወጥቶ እስከ ወልድያ የሚዘልቀው፣ ቻይኖች የሠሩት መንገድም የሚገነጠለው ከዚሁ ነው። ደረቅ ወደብ ተሠርቶባታል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለ ከተማ ሌሊቱን ሙሉ አይተኛም፤ የጭነት መኪናው ፍሬን፣ የረዳቱ ጩኸት፣ የባጃጁ ጥሩንባ አለ። በዚህ ላይ በከተማችን አፓርታማ ነው እየተባለ የሚከራየው ፎቅ አብዛኛው ያለው አስፋልቱ ዳር ነው። ሴራሚኩ ያበራል፣ መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ምድር ቤቱ ግን ወይ ምግብ ቤት ወይ መጠጥ ቤት ነው። ደላላ መጀመሪያ ይዞሽ የሚሄደው እዚያ ነው፤ ኪራዩ ከፍ ባለ ቁጥር የእሱም ኮሚሽን ከፍ ይላል። አንቺ ከአስፋልቱ ሁለት ሦስት መንገድ ወደ ውስጥ ግቢ። በብሎኬት የታጠረ ግቢ፣ ዋናው ቤት ውስጥ ባለቤቶቹ የሚኖሩበት፣ ከጓሮ ወይም ከጎን ለብቻው በር ያለው ሰርቪስ፤ የሚመችሽ እሱ ነው። ቀን ብቻ አይተሽው ቀብድ አትክፈይ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመለሺና ደጁ ላይ ቆመሽ ስሚ፤ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይም እንደገና። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ነሐሴም ቢሆን የሚደብቅሽ ነገር አለው፤ እሱም የሩዝ መፈልፈያው ነው። በክረምት መፈልፈያው ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ጎኑ ያለው ቤት የገዳም ያህል ጸጥ ብሎ ታገኚዋለሽ። ኅዳርና ታኅሣሥ ሩዙ ታጭዶ ሲወቃና ወደ ከተማ መግባት ሲጀምር ግን ሞተሩ ከማለዳ እስከ ማታ አያርፍም፣ ይህም ለወራት ነው። ድምፁ ብቻ ቢሆን ይለመድ ነበር። አቧራው አለ፤ ገለባው ተቆልሎ ሲቃጠል ጭሱ አለ፤ መኪና ሲጭንና ሲያራግፍ የጫኝና አውራጅ ክርክር አለ። ከሁሉም በላይ መብራቱ አለ። ከመፈልፈያ ጋር በአንድ ትራንስፎርመር የምትጠቀሚ ከሆነ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር አምፖልሽ ይደክማል፣ ኮምፒውተርሽም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አከራዩን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ቅርብ ያለው መፈልፈያ የት ነው፣ በበጋ ነፋሱ ከየት በኩል ይነፍሳል፣ መብራታችሁ ከየትኛው መስመር ነው። ይህን የጠየቀ ተከራይ አገሩን የሚያውቅ ሰው ነው ብለው ዋጋም አይቆልሉበትም።

ሌላም ድምፅ አለ፤ በጥር የሠርግ ድንኳን ይተከላል፣ ድምፅ ማጉያውም ሌሊት ድረስ ነው። በዓል ሲሆን ማኅሌቱ ሌሊቱን ያድራል፣ በፍልሰታ ደግሞ ኪዳኑና ቅዳሴው በየቀኑ ነው። መስጊድ አጠገብ ከሆንሽ የአዛኑ ድምፅ ጎሕ ሳይቀድ ይመጣል። ይህን ዝም ይበልልኝ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እዚህ ቦታ የለውም፣ እኔም እንድትጠይቂ አልፈልግም። እነዚህ ቀኖች አስቀድመው የታወቁ ናቸውና ስብሰባሽንና ከባድ ሥራሽን ከእነሱ አርቀሽ ቀጠሮ ያዢ።

የክፍሉን ውስጥ በአጭሩ ልንገርሽ። በሩን ዝጊና ስልክሽን አውጥተሽ ኔትወርኩን እዪ፤ ቆርቆሮ ጣሪያና የብረት በር ባለበት ቤት ደጅ ላይ የነበረው ውስጥ ይጠፋል። ቆጣሪው የብቻሽ ካልሆነ ስንት ቤት እንደሚጋራው እወቂ፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጣድበትን ቀንና ሰዓት ጠይቂና በዚያ ሰዓት ኮምፒውተርሽን በባትሪ አሠሪው። ዲቫይደርሽን ከደህና ሱቅ ግዢ። መስኮቱ ከጠረጴዛሽ በስተጎን እንጂ ከፊትሽ ባይሆን ዓይንሽ ያርፋል። ሮቶ ያለው ግቢ ውሃ በሚጠፋበት ሳምንት ከጀሪካን ሰልፍ ያድንሻል። አጎበር ሳትዘረጊ አትተኚ፤ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ የወባ ወቅት ነው፣ ሜዳውም የሚያቁረው ውሃ ብዙ ነው። ማሳ ስትወጪ ደግሞ ደክሞኛል ብለሽ ከግራር ጥላ ሥር ጋደም አትበዪ። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ካላዛር ተነሥቶ ብዙ ቤት አጉድሏል፤ ሐኪሞች ከደረሱባቸው ነገሮች አንዱ በሽታው ከግራር ሥር የሚተኙትን ይበልጥ ማጥቃቱ ነበር።

ይህ ሁሉ ተሟልቶ ግን ሰፈሩ ጸጥ ላይልሽ ይችላል። የምክሬ ዋናው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ለሥራ የሚሆን ጸጥ ያለ ማደሪያ መፈለግ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ደቡብ ጎንደር የሊቃውንት አገር ነው። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ናት፤ ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ነው። ተማሪው ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከትግራይ በእግሩ መጥቶ ከጉባኤ ቤቱ አጠገብ ለራሱ ጎጆ ይቀልሳል። አንድ ሰው የሚያስተኛ፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ፣ ከዚያ አይበልጥም። ቀን አኮፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ይዞራል፤ ሌሊት ዜማውን ሲቀጽል ያድራል። መንደርተኛው ደክሞት ተኝቶ ሳለ ይህ ድምፅ ከጎኑ ይሰማዋል። ነገር ግን ዝም በል አይለውም። ሲነጋ ከምሳው ቆርሶ ይሰጠዋል። ለምን? መንደሩ የዚያን ልጅ ሥራ ያውቀዋልና ነው። ልጁ ለምን እንደመጣ፣ ሌሊት ለምን እንደሚነቃ፣ ነገ ምን ሆኖ እንደሚወጣ ሁሉም ያውቃል። ተማሪው የተማረው በጎጆው ጸጥታ ብቻ አይደለም፤ መንደሩ ሥራውን ስለጠበቀለት ነው።

ያንቺ ሥራ ግን አይታይም። ማሳ ላይ ስትውዪ ሰው ያይሻል፣ ይገባዋል። ቤትሽ የምትውዪበት ቀን ግን ጎረቤት ምን ያያል? አንዲት ወጣት ሴት ለብቻዋ ተከራይታ፣ በሯን ዘግታ እስከ ስድስት ሰዓት አትወጣም። ሌሊት ስምንት ሰዓት መብራቷ ይበራል። ለብቻዋ ስታወራ ትሰማለች፤ ስብሰባ ላይ መሆንሽን ማን ነገራቸው? ሰው የማያውቀውን ነገር ባዶ አይተወውም፣ በግምት ይሞላዋል። ግምቱ ደግሞ ለሴት ልጅ ቸር ሆኖ አያውቅም። ይህ ትክክል አይደለም፤ ነገር ግን አለ፣ እኔም ደብቄሽ አልልክሽም። መፍትሔው መቆጣት ሳይሆን ቀድሞ መናገር ነው።

በገባሽ በመጀመሪያው ሳምንት ቡና አፍዪና ግራና ቀኝ ያሉትን ጥሪ። ቄጤማሽን ጎዝጉዢ፣ ቆሎሽን አቅርቢ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍተሽ አሳያቸው። የሩዝ ማሳውን ፎቶ፣ የምትሞዪውን ሰንጠረዥ፣ ስብሰባው ላይ የሚታዩትን ሰዎች። «እትዬ፣ እኔ ቢሮዬ ይህ ነው» በዪ። «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ከአዲስ አበባ ሰዎች ጋር እነጋገራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብትጠሩኝ እመጣለሁ» በዪ። ሰዓቱን በቁጥር ንገሪያቸው። «ሥራ ይበዛብኛል» ብቻ ያልሽ እንደሆነ ኩራት ይመስልባቸዋል፤ ከሦስት እስከ ስድስት ያልሽ እንደሆነ ግን እነሱ ራሳቸው ይጠብቁልሻል። በዚያ ሰዓት ልጅ ሲጮህ «ዝም በል፣ ልጅቱ ሥራ ላይ ናት» የምትለው ጎረቤትሽ ትሆናለች። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት።

አንድ ወጣት መምህር እኔ ግቢ ተከራይቶ ነበር። የፈተና ወረቀት ሊያርም ሲቀመጥ የሰፈሩ ልጆች ኳስ ከቆርቆሮው አጥር ጋር እየተላተመ ያስቸግረዋል። ወጥቶ አልተቆጣቸውም። ጠርቷቸው የሚያርመው የታላላቆቻቸውን ወረቀት መሆኑን አሳያቸው፤ እስከ አሥር ሰዓት ከመንገዱ ማዶ ባለው ሜዳ እንዲጫወቱ፣ እሱ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ሒሳብ እንዲያስጠናቸው ተስማሙ። ከዚያ በኋላ ከሌላ ሰፈር የመጣ ልጅ ኳሱን ወደ አጥሩ ሲለጋ የእኛዎቹ ናቸው የሚከለክሉት። እንደሱ ሲለቅ የተለቀሰለት ተከራይ አይቼ አላውቅም።

ቅሬታ ሲኖርሽ ነገሩ በሚሆንበት ሰዓት አትሂጂ። ማጉያው እየጮኸ፣ ሰው ደጅ ላይ ተሰብስቦ፣ አንቺም ተናደሽ ሳለ የሚባል ነገር ሁሉ ጠብ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ከተቻለም ከአከራይሽ ጋር ሆነሽ ሂጂ። የእነሱን ጥፋት ሳይሆን ያንቺን ችግር ተናገሪ። ሁሉን ቢናገሩ ሆድ ባዶ ይቀራል እንዲሉ የቆየውን ሁሉ አታንሺ፤ ስለ አንዱ ነገር ብቻ ተነጋግረሽ ተመለሺ።

ቡናው ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። የእኛ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ አለው። አቦል ጠጥቶ መነሣት ነገር ያመጣል፤ «ምን አስከፋናት?» ይባላል። በረካ ድረስ መቀመጥ የማትችዪ ከሆነ ምክንያትሽን ተናግረሽ ባትሄጂ ይሻላል፤ ከሄድሽ ግን ስልክሽን ቤት ትተሽ ሂጂ። በሳምንት አንድ ሁለት ቀን በሙሉ ልብ መገኘት በየቀኑ ለአንድ ስኒ ብቅ ከማለት ይበልጣል። ልቅሶ ሲሆን ግን ሰዓት አትቁጠሪ። ሥራሽን አቋርጠሽ ድረሺ፣ ተቀመጪ፤ እድርተኛ ባትሆኚም ውሃ ከመቅዳት፣ ወንበር ከመደርደር አትጉደዪ። መሥሪያ ቤትሽ አንድ ከሰዓት ይቅር ይልሻል፣ ሰፈር ግን የቀረሽበትን ልቅሶ ለዓመታት ያስታውሳል። ማስታወሱም ተገቢ ነው እላለሁ።

ይህን ስልሽ ራስሽን ለሰፈሩ አስረክቢ ማለቴ አይደለም። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ይባላል። የሰዓትሽ ባለቤት አንቺ ነሽ። በነገርሻቸው ሰዓት ውስጥ በርሽ ቢንኳኳ «ከስድስት ሰዓት በኋላ እመጣለሁ» በዪና በሩን በፈገግታ መልሰሽ ዝጊ፤ በተባለው ሰዓትም ሂጂ። ይህ ለእኔም ይሠራል። ዘመድ ነኝና ትኩስ እንጀራ ወይም የፎገራ ላም ወተት ይዤ ጠዋት ጠዋት ልመጣብሽ እችላለሁ። «አክስቴ፣ ሥራ ላይ ነኝ» በዪኝ። ወተቱን ደጁ ላይ አስቀምጬ እሄዳለሁ፣ አልቀየምሽም።

ስለ ውሉ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በዕድሜ ገፋ ያሉ አከራዮች ውል ሲባል ፊታቸው ይከብዳል፤ ክፋት አይምሰልሽ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ቤቱን አከራይቶ ይኖር የነበረ ሰው በአንድ ቀን አከራይነቱ ቀረ። ኪራዩ ተቀነሰ፣ ከ100 ብር በታች የሚከራየውን ቀበሌ ተረከበው። ለተከራይ እፎይታ ነበር፤ ላከራየው ደግሞ እስከ ዛሬ የሚያስደነግጥ ትዝታ ነው። በቤቱ ላይ የሚጻፍ ወረቀት ሁሉ ቤቱን የሚወስድበት የሚመስለው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ካጋጠመሽ አትጣዪው። ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ምስክር አድርጊ፣ ውሉን ጮክ ብለሽ አንብቢለት፣ አንዱን ቅጂ በእጁ ስጪው፤ ይረጋጋል።

አሁን ያለው ሕግ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ኪራዩም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ይላል። የክልል ከተሞችን በተመለከተ የክልሉን ውሳኔ የሚጠብቅ ነው፤ ሆኖም አንቺ የምትቀመጪው አንድ ዓመት ቢሆንም በቀረው ለውልሽ መለኪያ አድርጊው። የስድስት ወር በአንድ ላይ ክፈይ የሚልሽ ካለ በትሕትና «ሁለት ወር» በዪ። በባንክ ክፈይ፣ ደረሰኙን አስቀምጪ። ውሉ ላይ ኪራዩን ብቻ አትጻፊ፤ መብራቱና ውሃው እንዴት እንደሚከፈል፣ ጣሪያ ቢያፈስ ማን እንደሚያሠራ፣ እንግዳ ማሳደር እንደሚቻል፣ ቤት ውስጥ ሆነሽ በኮምፒውተር እንደምትሠሪም አስጽፊ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘለው ነው። ሳይጻፍ ቀርቶ «ለመኖሪያ እንጂ ለቢሮ አላከራየሁም፣ ጨምሪ» የተባለች ልጅ አውቃለሁ።

ስለ ጊዜው ዝም ብዬ ባልፍ ምክሬ ጎደሎ ይሆናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልላችን ሰላም አጥቶ ከርሟል። የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ፣ በስልኩ ይሠራ የነበረ ወጣት እጁን አጣጥፎ ተቀምጦ ነበር። መንገድም በድንገት ይዘጋል። ከመሥሪያ ቤትሽ ጋር ይህ ሲሆን ምን እንደምታደርጊ ከመምጣትሽ በፊት ተስማሚ፤ ሥራሽ ያለ ኔትወርክ የሚሠራ ሆኖ እንዲዘጋጅ፣ ቅጂውም ሁልጊዜ በእጅሽ እንዲኖር አድርጊ። በደረስሽ ቀን የመሥሪያ ቤትሽን ደብዳቤና መታወቂያሽን ይዘሽ ቀበሌ ሂጂና ተመዝገቢ፤ አከራይሽም አብራሽ ትሂድ። ሰው በሰው የሚጠራጠርበት ወቅት ነውና ማን ናት ሲባል መልሱን ቀበሌውም ጎረቤቱም አንድ ዓይነት አድርጎ የሚናገር ይሁን። ሳይመሽ ግቢ። ምርምር ማዕከሉ ቢያስመሽሽ ደውዪልኝ፣ እኔ ዘንድ ታድሪያለሽ። ስለ ፖለቲካ ቡና ላይ ሲነሣ ስሚ እንጂ አትፍረጂ፤ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቁስል አለው።

ምናልባት ይህን ሁሉ አድርገሽም ቤቱ ላይመችሽ ይችላል። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ወይም አከራይሽ የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ሆና ታገኚያታለሽ። ያኔ አትታመሚበት፣ ልቀቂ። ግን ኩርፊያ ሳታሳዪ አስቀድመሽ በጽሑፍ አሳውቂ፤ ቀድመሽ የከፈልሽው እንዴት እንደሚመለስልሽ ተነጋገሪ። ከሄድሽ በኋላ አንቺን ብላ ሌላ ተመራማሪ፣ ሌላ ሴት ልጅ ያንን ሰፈር ልትጠይቅ ትመጣለች፤ በር የሚከፈትላት ወይም የሚዘጋባት አንቺ በወጣሽበት ሁኔታ ነው። ግድግዳው ላይ የመታሽውን ሚስማር ንቀዪ፣ ቀዳዳውን ድፈኚ። ቆጣሪውን ከአከራይሽ ጋር ቆማችሁ አንብቡት፣ ቁጥሩን ሁለታችሁም ጻፉት፣ የወሩን ሂሳብ ክፈይ። ጎረቤቶችሽን በየቤታቸው ገብተሽ ተሰናበቺ፤ ቁልፉን በልጅ እጅ አትላኪ፣ ለአከራይሽ ራሷ አስረክቢ።